የሐበሻ ናት ብላችሁ አትደገፏት

ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ስለ ድሮ መኪና ትርዒት ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ካር ሾው ላይ ልጆች ይዞ መምጣት ይቻላል?" "ፎቶ መነሳትስ?" "መኪናዋ ውስጥ ገብተን ብንቀመጥ ባለቤቶቹ ይቆጣሉ?" ለእያንዳንዱ ቴክስት ከምመልስ፣ አንዴ ጽፌው ለሁሉም ልላከው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል የሆነች ሰማያዊ ቮልስ አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቨርጂኒያ፣ ግሬት ፎልስ፣ ኬቲስ የሚባለው ቡና ቤት ጋ መኪና ወዳዱ ሲሰበሰብ አልፎ አልፎ ይዣት እሄዳለሁ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሮክቪል፣ ግሌንቪው ማንሽን ግቢ ውስጥ በሚደረገው ትልቁ የድሮ መኪና ትርዒት ላይ አቆማታለሁ። ሌላው ትንንሽ ነው። የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ግቢ፣ የገበያ ማዕከል።

ቮልሷን ያገኘኋት በፓርኪንግ ሥራ ነው። ዲሲ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ካሸር ነበርኩ፣ በኋላ መኪና መረከብ ጀመርኩ። ቮልሷ የአንድ አዛውንት ደንበኛችን ነበረች። ሰውየው ዓይናቸው ሲደክም መንዳት አቆሙና ለኔ ሸጡልኝ። ፓርኪንግ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኪና ስትረከቡ መጀመሪያ ዙሪያዋን ነው የምትዞሩት። ቲኬቱ ላይ የመኪና ሥዕል አለ። ፓራውልቱ ጋ ጭረት ካለ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። በሩ ተጋጭቶ ከሆነም እንደዚያው። ባለቤቱ አይቶ ቁልፉን ይሰጣችኋል። እጃችሁ መኪናው ላይ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ካር ሾው ጨዋነት የማውቀው ነገር ሁሉ ሥሩ እዚያ ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ መንካት መጨረሻ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በወገኖቼ ላይ ቅሬታ አለኝ። በፍቅር ስሙኝ።

ሐበሻ ካር ሾው ሲመጣ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። ያውም ያው አንዱ ሰው ነው ሁለቱንም የሚሆነው። ከጎኔ የቆመው ፈረንጅ መኪና ጋ ሲደርስ ሦስት እርምጃ ርቆ ይቆማል። እጁን ኪሱ ይከታል። ልጁን "ተው! እንዳትነካ!" ይላል። ባለመኪናው "ና፣ ግባ፣ ቁጭ በልባት" እያለ ሲጋብዘው እንኳን በይሉኝታ አመስግኖ ያልፋል። ቀጥሎ እኔ ጋ ይደርሳል። ሐበሻ መሆኔን ሲያይ ፊቱ ይበራል። "እንዴ! የኛው ልጅ ነሽ!" ይለኛል። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ አገሬን ይጠይቀኛል፣ የሰፈሬን ሰው ይጠይቀኛል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ክርኑ ፓራፋንጎዋ ላይ ነው። ቦርሳ የያዘች እህት ካለች ቦርሳው ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል።

መጥታችሁ በማየታችሁ ልቤ ይሞላል። እዚያ ሜዳ ላይ በአማርኛ ሰላም ሲሉኝ የሚሰማኝን ደስታ በቃል አልገልጸውም። ግን ለማታውቁት ሰው መኪና የሰጣችሁትን ክብር ለኔም ስጡልኝ። ከኔ ጋር በአማርኛ ማውራታችን ቀለሙን አያጠነክረውም።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ቮልስ የሰፈር መኪና ናት። በር ላይ ቆማ ትውላለች። ወጣቱ ተደግፏት ያወራል፣ ልጅ አቧራዋ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ የሆነ ሰው ሻይ ያስቀምጥባታል። ማንም ክፉ አላሰበም። እሷም ሥራ ላይ ያለች መኪና ናት፣ ነገ ገበያ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ብርቅ አይደለችም። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። ስለዚህ "ቮልስ እኮ ናት፣ ፌራሪ አይደለች" የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ፌራሪ አይደለችም። የኔዋ ግን አብዛኛው ቀለሟ ፋብሪካ የተቀባው ነው። እሱ አንዴ ከተነሳ ተመልሶ አይመጣም። ሌላ ሰማያዊ መቀባት ይቻላል። ያ ሌላ ቀለም ነው።

ቀለሙን ካነሳሁ አይቀር በደንብ ላስረዳ። ዛሬ የምትነዷቸው መኪኖች ከቀለሙ በላይ ሌላ ግልጽ ሽፋን አላቸው። ስትነኩ የምትነኩት እሱን ነው። የ1967 መኪና ያ ሽፋን የላትም። እጃችሁ የሚያርፈው ቀለሙ ራሱ ላይ ነው። በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጌ ብወለውላት ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህን ያህል ነው። አሁን እዚያ ላይ ኤፕሪል ወር ዲሲ አካባቢ የሚዘንበውን የዛፍ ቢጫ ብናኝ ጨምሩበት። ከላይ ስታዩት ለስላሳ ይመስላል። በጣት ስትጎትቱት ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ቀለሙን ይፍቀዋል። "እጠቢኝ" ብሎ የጻፈ ልጅ ብናኙ ከታጠበ በኋላ ጽሑፉ እዚያው እንደሚቀር አያውቅም። በፀሐይ አዙሬ ሳያት ዛሬም ይነበባል።

ሌላው ሰንስክሪን ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ብርዱ አልፎ ሰው ክንዱን መግለጥ ሲጀምር እጁ ሁሉ ሰንስክሪን ነው። መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ አምስቱ ጣት ከነመዳፉ ቀለሙ ላይ ይቀራል። ከሱ ቀጥሎ የቀበቶ ዘለበት። ሰው መስኮት አጎንብሶ ውስጥ ሲያይ ዘለበቱ በሩን ይነካዋል። ቀለበት፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የጃኬት ዚፕ፣ የልጅ ጋሪ ጎማ። በሩ ሥር ያለው ረጅም መረገጫ ደግሞ መረገጫ ነው ተብሎ አይረገጥም፤ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቀጭን ላሜራ ነው።

ውድድር ባለበት ትርዒት ላይ ዳኞቹን ብታዩ ደስ ይላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥንታዊ መኪኖች ክለብ በየኦክቶበሩ ፔንሲልቬኒያ፣ ኸርሺ ላይ ትልቅ ጉባኤ አለው። እዚያ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይጽፋል። በሩ እንዲከፈት ሲፈልግ ባለቤቱን ይጠይቃል። ኮፈኑንም የሚከፍተው ባለቤቱ ነው።  መኪናዋን ሊመዝን የመጣ ሰው እንኳን አይነካትም። እኔም ከማንም ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም።

መጠየቅ ምን እንደሚከፍት ደግሞ ልንገራችሁ።

ሮክቪል ላይ አንድ ጋሼ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ባርኔጣ አድርገዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያዋን ዞሩ። ቸኩለው አልነበረም። ከኋላ ሞተሩ ጋ ቆም አሉ፣ ከፊት መብራቱን አዩ፣ ከዚያ ወደኔ መጥተው "የኔ ልጅ፣ በሯን ብከፍት ቅር ይልሻል?" አሉኝ። ይክፈቱ አልኳቸው። ከፈቱ፣ ውስጧን አሸተቱ፣ ምንም አልተናገሩም። ሊዘጉ ሲሉ ግን እጃቸውን አስገብተው የፊተኛዋን ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ገፋ አደረጓት። ከዚያ በሩን በሁለት ጣት ዘጉት። ገጭ አላደረገም። ቀስ ብሎ ገጠመ።

ቮልስ የነዳ ሰው መሆናቸውን በዚያ አወቅሁ። የቮልስ በር አየር አያሳልፍም። መስታወቱ ሁሉ ዝግ ከሆነ በሩን ስትገፉት ውስጥ ያለው አየር መልሶ ይገፋችኋል። የማያውቅ ሰው አልዘጋ ሲለው ያላትመዋል። መኪናዋን የሸጡልኝ ሰውዬ ቁልፍ ባስረከቡኝ ቁጥር የሚነግሩኝ አንድ ነገር ይሄንኑ ነበር፤ "መስታወቷን ከፈት፣ ከዚያ በሩን"። ጋሼን ግቡ፣ ቁጭ ይበሉ አልኳቸው። ተቀመጡ። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ሳያይ አገኘው። ማርሹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አደረጉት። ልጅቷ በእንግሊዝኛ "ስክሪኑ የታል?" ብላ ጠየቀቻቸው። "የለም" አሏት። "ታዲያ መንገዱን በምን ታየዋለህ?" አለች። "በመስታወቱ ነዋ!" ብለው ሳቁ። የናዝሬትን መንገድ፣ በክረምት የጎርፉን ነገር እየተረኩላት ብዙ ቆዩ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ነበር። አላስነሳኋቸውም።

እሳቸው ሳይጠይቁ በሩን ቢከፍቱት ኖሮ እኔ ደንግጬ እነሳ ነበር፤ እሳቸውም አፍረው ይሄዱ ነበር። ያ ወግ አይኖርም ነበር።

ስለ ጥያቄዎች ደግሞ።

"ስንት ታወጣለች?" ያስቀይመኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ አያስቀይመኝም። ሰላምታ ሳይቀድመው ሲመጣ ግን ልቤን ያቀዘቅዘዋል። የምታስቡት ስለ ሽያጭ ብቻ ይመስለኛል። በተለይ "ይህቺን አዲስ አበባ ብትልኪያት አበቃ!" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አትገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ቢፈቀድም አልክም። ይልቅ "ስትገዢያት እንዴት ነበረች?" በሉኝ። "ዕቃ ከየት ታገኛለሽ?" "ካርቡሬተሩን ማን ይነካልሻል?" እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝን ሰው ወንበሬን ለቅቄ ነው የማስቀምጠው።

"የባለቤትሽ ናት?" የሚለው ግን ይጎዳኛል። ይሄን በግልጽ ልናገር። ከመኪናዋ አጠገብ እኔ ቆሜ፣ እጄ ላይ ቁልፉ፣ ባለቤቴ ቴርሞስ ይዞ ሲመጣ ሰዎች ወደ እሱ ዞረው "ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው?" ይሉታል። እሱ መኪና ግድ የሌለው ሰው ነው። "እሷን ጠይቁ" ይላቸዋል። መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ 1500 ሲሲ፣ 53 የፈረስ ጉልበት፣ በአሜሪካ ገበያ የመጀመሪያዋ ባለ 12 ቮልት ቮልስ። ሞተሩን ከነአገጣጠሙ አውቀዋለሁ። መኪና አጠገብ የቆመ ሰው ስታገኙ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ "የርስዎ ናት?" በሉ። በቂ ነው።

ሊቃውንቱም አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው እየሰማ፣ "ይሄ ፓራውልት የዚህ ዓመት አይደለም" የሚሉ። የ1967ቷ ለዚህ የተጋለጠች ናት። እዚህ አሜሪካ የተሸጠችው የፊት መብራቷ እንደ አዲሶቹ ቀጥ ያለ ነው፣ ፓራውልቷ ግን አሁንም የድሮው ቀጭኑ ነው። ወፍራሙና ቀጥ ያለው በ1968 ነው የመጣው። ስለዚህ ግማሹ መብራቱን አይቶ፣ ግማሹ ፓራውልቱን አይቶ ተሳስተሻል ይለኛል። ዕውቀታችሁን አትደብቁ፤ ከእናንተ መማር እፈልጋለሁ። "ይሄ ከፋብሪካ እንዲህ ነው የመጣው?" ብላችሁ ብትጀምሩ ግን ሁለታችንም እንማማራለን። የሆነ ሰው ደሞዙን አጠራቅሞ ያገኘውን ዕቃ ነው የገጠመው። ትክክለኛው ዕቃ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ገንዘቡ አልደረሰ ይሆናል። ልጆቹ ፊት አታሳፍሩት።

እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አንድ ነገርም አለ። ፊት ለፊቷ የማስቀምጠው ካርቶን ላይ "1967" የሚል ተጽፏል። በኛ 1959 ማለት ነው። ታላላቆቻችን ግን ቁጥሩን ሲያዩ በኛ አቆጣጠር ያነቡትና ዝም ይላሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ነው የወሰዷቸው። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው ቮልስ ሲያይ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አንዱ "ግፍ ነበር" ይላል፣ ሌላው "የሕዝቡስ ረሃብ?" ይላል፣ ድምፅ ይነሳል። ፈረንጆቹ ዞር ብለው ያያሉ። "አስቁሚያቸው" ብለው የሚመክሩኝ አሉ። አላስቆምም። ታሪካቸው ነው፣ ይናገሩት። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስትከራከሩ መኪናዋን በመዳፋችሁ አትምቷት። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ ጨርሱት፤ ቡና አቀርባለሁ።

አሁን ለባለመኪኖች። እስካሁን እንግዳውን ብቻ ስናገር ቆየሁ፤ ከሁለቱ ወገን ግን የበለጠ ዕዳ ያለበት ባለመኪናው ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም አላስገደደንም። ራሳችን አጥበን፣ ራሳችን ነድተን፣ ሜዳ ላይ አቁመን "እዩልን" ብለናል። ከዚያ ከመኪናው ጀርባ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ፣ ሰው ሰላም ሲለው ቀና የማይል ምን ይባላል? "አትንኩ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ብቻ መስታወቱ ላይ የሚለጥፍም አለ። ዓመቱን ጻፍ፣ ሞተሩን ጻፍ፣ ከማን እንደገዛሃት ጻፍ፣ ከሥሩ "ከመንካትዎ በፊት ይጠይቁኝ" በል። ሰው ቆሞ ያነባል፣ አንብቦም ይጠይቃል። አንድ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ቢመጣም ለጠያቂው የመጀመሪያው ነው። እንደ መጀመሪያው መልሱለት።

ልጅ ላይ መጮህ ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድም። አንድ ትርዒት ላይ አንድ ሰው መብራቱን የዳሰሰች ትንሽ ልጅ ላይ ጮኸ። ልጅቷ አለቀሰች፣ እናቷ ይቅርታ እየጠየቀች ይዛት ሄደች። ከመኪና ወደ መኪና ሳይሆን ቀጥታ ወደ መውጫው ነው የሄዱት። የጣት አሻራ በለስላሳ ጨርቅ ይነሳል። ያቺን ልጅ ግን ማን ይመልሳታል? እኛ ስንደክም እነዚህን መኪኖች የሚረከበን እኮ ያ ልጅ ነው። የመኪናው ሁኔታ የማይፈቅድ ከሆነ ገመድ አጥሩ፣ ወይ ለልጅ የሚሆን ነገር አዘጋጁ። እኔ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ካርቡሬተር፣ ካንዴላና የጎማ ክብ ክዳን አስቀምጣለሁ። እንደፈለጉ ያገላብጡት፣ ይፍቱት፣ ይጣሉት። ክዳኑ ውስጥ ፊታቸውን እያዩ ሲስቁ ወላጆቹ በሰላም መኪናዋን ያያሉ።

ወላጆችም እርዱኝ። ልጅ መኪናዋ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አይስክሬሙን አስጨርሱት። ጫማው ወንበር ላይ እንዳይወጣ አውልቁለት። መሪውን ያዙሩ፣ ፔዳል ይርገጡ ግድ የለም። የእጅ ፍሬኑን ብቻ አይንኩ።

ፎቶ ያለ ፈቃድ አንሱ፣ ለዚያ ነው የመጣነው። መኪናዋ ጋ ተጠግታችሁ ስትቆሙ ግን መሃላችሁ አየር ይለፍ። ከኋላችሁ ሌላ ሰው ካሜራ ይዞ ሲጠብቅ ካያችሁ ፈጠን በሉ። የሠርግ ፎቶ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉልኝ፤ ቬሎ ላይ ስንት ጥልፍና ዶቃ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ስትወጡም ሆነ ስንወጣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ሜዳ ላይ ሞተር ማጓራት የለም። ጎማ ማስጮህ የለም። ጠዋት ላይ ዙሪያውን የሚተኛ ጎረቤት አለ። እሱ ከተማረረ ቦታውን የፈቀደልን ሰው ይከለክለናል፣ የምናጣው ሁላችንም ነን።

የዘንድሮው የሮክቪል ትርዒት ሲቃረብ ቀኑን እነግራችኋለሁ። ሰማያዊ ቮልስ፣ ከጎኗ ጀበና ያለበት ጠረጴዛ ካያችሁ እኔ ነኝ። በሯን መክፈት የፈለገ ይጠይቀኝ፤ እከፍትለታለሁ። ክላክስ መንፋት የሚፈልጉ ልጆች ካሉ ከምሳ በኋላ አምጧቸው።